የነጠላ ሐዲድ መገንጠያ

ከሩቅ ሲያዩት የከብት አጥር ይመስላል። የእንጨት ቋሚዎች በተርታ ተተክለዋል፤ ቁመታቸው ከሰው ወገብ ብዙም አይዘልም። በአናታቸው ላይ አግዳሚ እንጨት ተኝቷል። ከአግዳሚው በላይ የብረት ሐዲድ ተዘርግቷል፤ ቅርጹ የተገለበጠ ቲ ነው። ሰፊው እግሩ እንጨቱ ላይ ተመቷል፤ ቀጭኑ ጠርዙ ወደ ላይ ቆሟል። ይህ አጥር በአሜሪካ፣ ኒው ጀርዚ ውስጥ ከማውንት ሆሊ ከተማ ተነሥቶ ስሚዝቪል የምትባል የፋብሪካ መንደር ድረስ 1.8 ማይል፣ ማለትም ወደ 2.9 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር። በመንገዱ ላይ ራንኮካስ የተባለውን ትንሽ ወንዝ አሥር ጊዜ ይሻገራል። ወንዙ ይጠማዘዛል፤ አጥሩ ቀጥ ይላል። ለብስክሌት ብቻ የሚሆን ድልድይ መሥራት ከባድ ወጪ አይደለም፤ ወንዙ ያለበት ቦታ ላይ ቋሚውን ማስረዘም ነው።

መስመሩ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው። ነዳፊው የኮነቲከቱ አርተር ሆችኪስ ነው። ተሳፋሪዎቹ በዋናነት የኤች.ቢ. ስሚዝ ማሽን ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ፤ ማውንት ሆሊ እያደሩ ስሚዝቪል የሚሠሩ ሰዎች። ሞተር የለውም፤ እንፋሎት የለውም፤ ሠራተኛው በራሱ እግር ይነዳዋል። መንገዱ ስድስት ሰባት ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ፈጣን የተባለው ጋላቢ በአራት ደቂቃ ተኩል እንደጨረሰው ተመዝግቧል፤ ያ በሰዓት ወደ 39 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ዘመን በነበረው የገጠር መንገድ፣ በጭቃና በጋሪ ቦይ መሐል፣ ይህን ፍጥነት በብስክሌት ማግኘት አይታሰብም።

ብስክሌቱ ቀረብ ተብሎ መታየት ይገባዋል። ሁለቱ ጎማዎች ፊትና ኋላ ሆነው በሐዲዱ ጠርዝ ላይ ይቆማሉ። ጎማ ስል ላስቲክ ማለቴ አይደለም፤ ብረት ናቸው። ዙሪያቸው መሐሉ ጎድጉዶ ግራና ቀኙ ከንፈር አውጥቷል። የሐዲዱ ጠርዝ ጎድጓዳው ውስጥ ይገባል፤ ከንፈሮቹ ከሁለት በኩል ያቅፉታል። ከዚያ ፍሬሙ ይመጣል። በተራ ብስክሌት ላይ ፍሬሙ ከጎማዎቹ በላይ ይሠራል፤ እዚህ ግን ወደ ታች ይወርዳል። ጭነት በአህያ ጀርባ ላይ ግራና ቀኝ እንደሚንጠለጠለው ሁሉ፣ የብስክሌቱ ብረትና የጋላቢው እግሮች ከአጥሩ በሁለቱም ጎን ይንጠለጠላሉ። ክብደቱ ዝቅ ስላለ ብስክሌቱ ለመገልበጥ አይቸኩልም። ከሥር ደግሞ ትናንሽ ጎማዎች አሉ። እነሱ ክብደት አይሸከሙም። ዝቅ ብሎ በተዘረጋ ሌላ አግዳሚ ላይ እየተንከባለሉ ብስክሌቱ ወደ ጎን እንዳይዘም ብቻ ይደግፉታል።

ተሸካሚው ሌላ፣ ደጋፊው ሌላ። ሐዲዱን ኮርቻ አድርገው የሚሄዱ ሞኖሬሎች በሙሉ፣ ዛሬ በጃፓን ከተሞች በኮንክሪት ወጋግራ ላይ የሚሄዱት ግዙፎቹ ጭምር፣ ይህንኑ የሥራ ክፍፍል ይጠቀማሉ። የላይኛው ጎማ ጭነቱን ይይዛል፤ የጎኑ ጎማ ሚዛኑን ይጠብቃል። ሆችኪስ ይህን በእንጨት አጥር ላይ ሠርቶታል። ጋላቢው መያዣ እጀታ አለው፤ እጀታው ግን መሪ አይደለም። የት እንደሚሄዱ ሐዲዱ ያውቃል።

ሰንሰለትና የሚዞር ፔዳል የለውም። እግሮቹ ወደ ላይና ወደ ታች የሚረግጡ ሁለት ማንሻዎች አሉ። በየተራ ሲረገጡ ጎማውን ወደ ፊት ይገፋሉ፤ ሲመለሱ ጎማውን ሳይነኩ ይመለሳሉ። ምክንያቱን ከአሠራሩ ማንበብ ይቻላል። የሚዞር ፔዳል ከቀኝ እግር ወደ ግራ እግር የሚያልፍ ዘንግ ይፈልጋል። እዚህ በሁለቱ እግሮች መሐል ያለው አጥር ነው፤ ዘንግ ቢያልፍ ከመጀመሪያው ቋሚ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ እያንዳንዱ እግር በራሱ ጎን፣ በራሱ ማንሻ መሥራት አለበት። ፋብሪካው ለዚህ እንግዳ አልነበረም። በ1880ዎቹ ስታር የተባለውን ብስክሌት ያመርት ነበር፤ ትንሹ ጎማ ከፊት፣ ትልቁ ከኋላ የሆነ፣ በማንሻ የሚነዳ። ሁለት እኩል ጎማና ሰንሰለት ያለው ብስክሌት መጥቶ ስታርን ከገበያ ሲያስወጣው፣ የማንሻው ጥበብ በሠራተኞቹ እጅ ቀርቶ ነበር። በአጥሩ ላይ እንደገና ቦታ አገኘ።

እስከዚህ ድረስ የማወጣለት እንከን የለኝም። ችግሩ የሚመጣው ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ ነው።

ሐዲዱ አንድ ብቻ ነበር። ሁለተኛ ሊሠራ ታስቦ ሳይሠራ ቀረ። ከማውንት ሆሊ የሚመጣና ከስሚዝቪል የሚሄድ ሲገናኙ አንዱ ከመስመሩ ወጥቶ ሌላውን ማሳለፍ ነበረበት። ዝግተኛው ከፊት ከሆነ ከኋላው ያለው ሁሉ ዝግተኛ ነው። ለፋብሪካው ሠራተኞች ይህ ብዙም አያስቸግርም፤ ጠዋት ሁሉም ወደ ስሚዝቪል ይሄዳል፣ ማታ ሁሉም ወደ ማውንት ሆሊ ይመለሳል። አንድ ሐዲድ በቀን ሁለቴ አቅጣጫውን ለሚቀይር ሕዝብ ይበቃዋል። ለሽርሽር በሚወጣ ሰው ግን፣ ወዲያና ወዲህ በሚል ሰው፣ ይጨናነቃል።

አንድ ሰው ማሳለፊያ ቅርንጫፍ በየቦታው ለምን አልጨመሩም ሊል ይችላል። መልሱ በብስክሌቱ ቅርጽ ውስጥ አለ። ተራ የባቡር ሐዲድ ሲገነጠል መንኮራኩሩ ከሐዲዱ በላይ ስለሆነ ሁለተኛውን ሐዲድ በጠባብ ክፍተት አልፎ ይሻገራል። የሆችኪስ ብስክሌት ግን ከሐዲዱ በታች ግራና ቀኝ ተንጠልጥሏል። አጥሩ ወደ ሁለት ቢከፈል፣ ወደ ቀኝ የሚሄደው ሰው ግራ እግር ከግራው ቅርንጫፍ አጥር ጋር ይጋጫል። ስለዚህ በመገንጠያው ላይ የአጥሩ ቁራጭ ራሱ፣ ከነአግዳሚውና ከነሐዲዱ፣ መንቀሳቀስ አለበት። ያን ያህል ክብደት በየሰዓቱ ወዲያና ወዲህ ማድረግ የብስክሌት መስመር ሥራ አይደለም።

መስመሩ አሥር ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። ሐሳቡ ግን ባሕር ተሻግሯል። በእንግሊዝ አገር ዊልያም ጆርጅ ቢን የተባለ ነጋዴ ይህንኑ የብስክሌት ሐዲድ በ1896 ብላክፑል አምጥቶ ለመዝናኛ ተከለው። በመዝናኛ ስፍራ መገንጠያ አያስፈልግም። ሰው ይወጣል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይወርዳል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ትናንሽ ሞኖሬሎች ብዙዎቹ መጠጊያ ያገኙት እንዲህ ዓይነት ቦታ ነው።

ትልቁ ወንድማቸው፣ በጀርመን ዉፐርታል ከተማ የዉፐርን ወንዝ ተከትሎ በአየር ላይ የሚንጠለጠለው ባቡር፣ ችግሩን በሌላ መንገድ ዘለለው። ኦይገን ላንገን የነደፈው ይህ መስመር ከ1901 ጀምሮ ይሠራል፤ ርዝመቱ 13.3 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት ሐዲድ አለው፣ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ። በሁለቱም ጫፍ ሐዲዱ ክብ ሠርቶ ይዞራል። ባቡሩ አይገነጠልም፤ ይዞራል እንጂ። ለአንድ ረጅም ጠባብ ሸለቆ ይህ በቂ ነበር። ከተማ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሸለቆ አይደለም።

ከሆችኪስ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2007፣ ኒውዚላንድ ሮቶሩዋ ውስጥ ሽዊብ የተባለ መሣሪያ ተከፈተ። የነደፈው ጄፍሪ ባርኔት የተባለ አውስትራሊያዊ ነው። ሁለት ትይዩ የብረት ሐዲዶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ወደ 200 ሜትር የሚሆን ዙር አላቸው። ከሐዲዱ ሥር ሰው የሚተኛበት፣ ገላጭ ፕላስቲክ የለበሰ ጠባብ ካቢን ተንጠልጥሏል።

እዚህ ነገሩ ሁሉ ተገልብጧል። የሆችኪስ ጋላቢ ከሐዲዱ በላይ ነበር፤ የሽዊብ ጋላቢ ከሥሩ ነው። የሆችኪስ ጎማ ሐዲዱን ከውጭ ያቅፋል፤ የሽዊብ ጎማ ሐዲዱ ውስጥ ገብቶ ይሄዳል። ሐዲዱ ውስጡ ባዶ ሆኖ ከሥሩ ቀጭን ክፍተት አለው። ተሸካሚዎቹ ትናንሽ ጎማዎች ከውስጥ ይንከባለላሉ፤ ካቢኑን የያዘው ብረት በክፍተቱ ወርዶ ይንጠለጠላል። ዝናብ ከላይ አይገባም። ቅጠልና ጠጠር መንገዱ ላይ አያርፍም። ጎማዎቹ ጠንካሮች፣ መንገዳቸውም ጠንካራ ነው፤ የብስክሌት ላስቲክ አስፋልት ላይ እየተጨፈለቀ የሚያባክነው ጉልበት እዚህ የለም።

ሌላው ባካኝ አየር ነው። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ብስክሌተኛ ከጉልበቱ አብዛኛውን የሚያወጣው አየር ለመሰንጠቅ ነው። ጤናማ ሰው ሳይደክም ለረጅም ጊዜ ሊሰጥ የሚችለው ከ100 እስከ 150 ዋት ብቻ ስለሆነ፣ በዚህ ላይ መቆጠብ ዋና ሥራ ነው። ስለዚህ የሽዊብ ጋላቢ በጀርባው ጋደም ብሎ እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ይረግጣል። አየሩ የሚያገኘው የካቢኑን ሹል አፍንጫ ነው፤ ደረቱን አያገኝም። ሰባት ማርሽ አለው። ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 45 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ በሮቶሩዋው አጭር ዙር ላይ።

ኩርባው ላይ ደግሞ ካቢኑ በራሱ ወደ ውጭ ይወዛወዛል። ስሌቱ ቀላል ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር፣ የኩርባው ራዲየስ 20 ሜትር ቢሆን፣ ካቢኑ ከቀጥታው 32 ዲግሪ ያህል ያጋድላል። ጋላቢው ግን ወደ ጎን የሚገፋው ነገር አይሰማውም፤ ክብደቱ ወደ መቀመጫው ብቻ ይጫናል። አንድም መሣሪያ አልተጨመረም፤ መንጠልጠል የሰጠው ነው። ከኋላ የመጣ ካቢን የፊተኛውን ቢደርስበት በመሐል ያለው አሞርዛተር ግጭቱን ይውጠዋል፤ ከዚያ ሁለቱ ተያይዘው ይሄዳሉ። ፊተኛው አየሩን ይሰነጥቃል፣ ኋለኛው ጉልበቱን ይጨምርለታል። የሆችኪስ ዝግተኛ ጋላቢ ለሌሎች መሰናክል ነበር፤ የሽዊብ ዝግተኛ ጋላቢ የሚገፋው ሰው ያገኛል። ከመላው መሣሪያ እጅግ የምወደው ይህን መጋጠሚያ ነው።

በ2010 ጉግል ዓለምን ሊረዱ የሚችሉ ሐሳቦችን ሲያወዳድር ሽዊብ ከአምስቱ አሸናፊዎች አንዱ ሆነ። ለከተማ ማመላለሻ እንዲዳብር 1.05 ሚሊዮን ዶላር ተመደበለት። ሆኖም ሰው የሚያውቀው ሽዊብ የሮቶሩዋው ዙር ነው፤ ዙር ደግሞ መገንጠያ የለውም።

መገንጠያውን በቁም ነገር የያዙት ጀርመኖች ነበሩ። ከ1973 ጀምሮ ዴማግና ኤም.ቢ.ቢ. የተባሉት ኩባንያዎች በአብዛኛው በመንግሥት ገንዘብ ሀገን ከተማ ውስጥ ካቢነንታክሲ የተባለ መሞከሪያ መስመር ሠሩ። ለሦስት ሰው የሚሆኑ ትናንሽ ካቢኖች ናቸው፤ አሽከርካሪ የላቸውም። ወጋግራው አንድ ነው፤ ግን ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ተራ ካቢን በወጋግራው ላይ ይሄዳል፣ ሌላው ተራ ከወጋግራው ሥር ተንጠልጥሎ በተቃራኒው አቅጣጫ ይመጣል። ማውንት ሆሊ ላይ ፊት ለፊት የተፋጠጡት ሁለት ሰዎች እዚህ አንዱ በሌላው ራስ ላይ ያልፋሉ። በመንገዱ የተተከለው ቋሚ አልጨመረም፤ የያዘው መሬት አልሰፋም።

ካቢኖቹን የሚነዳው ሊኒየር ሞተር ነው። ክብ የኤሌክትሪክ ሞተር ተሰንጥቆ ተዘርግቶ፣ ግማሹ ካቢኑ ላይ፣ ግማሹ ወጋግራው ላይ ሲቀመጥ ማለት ነው። ማርሽ የለም፣ የሚዞር ዘንግ የለም። ጎማዎቹ ድፍን ላስቲክ ናቸው፤ ክብደት ይይዛሉ እንጂ አይገፉም። ስለዚህ ዝናብ ሐዲዱን ቢያረጥብም ካቢኑ ለመነሣትም ሆነ ለመቆም ጎማው እንዳይንሸራተት አይሰጋም።

መገንጠያውም ተንቀሳቃሽ አካል የለውም። የሚንቀሳቀሰው ካቢኑ ላይ ያለው አካል ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ሁሉም ነገር ግን በእሱ ላይ ቆሟል።

ሐዲዱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ እያንዳንዱ ተሽከርካሪ ሦስት ነገር መጠበቅ አለበት፦ ሐዲዱ እስኪዞር፣ እስኪቆለፍ፣ መቆለፉም እስኪረጋገጥ። ይህ ሁሉ 10 ሰከንድ ይፈጃል እንበል። አንዱ ወደ ቀኝ፣ ተከታዩ ወደ ግራ የሚሄድ ከሆነ በሰዓት ከ360 በላይ ተሽከርካሪ አያልፍም። የሚንቀሳቀሰው የካቢኑ ክንድ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ካቢን ከመገንጠያው ብዙ ሜትር ቀደም ብሎ ክንዱን ይዘረጋል። ወደ ቀኝ የሚሄደው የቀኙን ጠርዝ ይይዛል፤ ወደ ግራ የሚሄደው የግራውን። ክንዱ ካልያዘ ለማቆም ገና ጊዜ አለ። ሐዲዱ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ተንጠልጣይ በሆነው ሐዲድ ላይ ይህ ክንድ ሌላም ሥራ አለው። ሐዲዱ ከሥሩ ክፍተት እንዳለው አስታውሱ። መገንጠያው ላይ ክፍተቱ ወደ ሁለት ይከፈላል። ወደ ቀኝ የሚሄደው ካቢን ቀኝ ጎማው መቆሚያ አለው፤ ግራ ጎማው ግን የግራውን ቅርንጫፍ ክፍተት ለመሻገር ለአንድ አፍታ ባዶ ላይ ይሆናል። በዚያች አፍታ ካቢኑን ከማጋደል የሚይዘው የቀኙን ጠርዝ የጨበጠው ክንድ ነው። በንድፉ ላይ የክንዱ ውፍረት፣ የብሎኖቹ መጠን፣ የኩሽኔታው ጥንካሬ በጥንቃቄ የሚሰላው ለዚያች አፍታ ነው።

የሀገኑ መስመር ወደ 1.9 ኪሎ ሜትር አድጎ ለዓመታት ተሞከረ። ወደ ሀምቡርግ ሊወሰድ ሲል፣ በ1980 አካባቢ፣ የመንግሥት በጀት ተቆርጦ ቆመ። ያቆመው ገንዘብ እንጂ ካቢኑ አልነበረም።

ይኸው ጥበብ በሞኖሬል ባይሆንም በአንድ ሌላ ቦታ ኖሯል። አሜሪካ፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሞርጋንታውን ከተማ። የከተማው ዩኒቨርሲቲ በተራራ መሐል ተበታትኖ ስለተሠራ፣ ከ1975 ጀምሮ ትናንሽ ሾፌር አልባ መኪኖች በራሳቸው የኮንክሪት መንገድ ላይ ተማሪዎችን ያመላልሳሉ። እያንዳንዱ 8 መቀመጫ አለው፤ የቆሙትን ጨምሮ 20 ሰው ይይዛል። መኪናው በጎኑ ካለው ሐዲድ ጋር ተደግፎ ይሄዳል። መንገዱ ሲከፈል የቀኙን ወይም የግራውን መደገፊያ ይመርጣል፤ መንገዱ አይንቀሳቀስም። ክረምት ላይ በረዶ እንዳይዝ ኮንክሪቱ ውስጥ በተቀበሩ ቱቦዎች ሙቅ ፈሳሽ ይሄዳል። ጣቢያዎቹም ከዋናው መስመር ወጣ ብለው ተሠርተዋል፤ የሚወርድ ይገንጠል፣ የማይወርድ ሳይቆም ይለፍ። ተሳፋሪው መድረሻውን በቁልፍ ይመርጣል፤ ባልመረጠው ጣቢያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ መቆም አይገደድም።

ታዲያ ትንሽ የግል ሞኖሬል አውቶቡስንና ባቡርን ሊተካ ይችላል? ቁጥሩ ይመስክር። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ካቢን በሰከንድ 10 ሜትር ይሄዳል። ተሳፋሪውን ሳያንገጫግጭ ለማቆም 20 ሜትር ቢፈልግ፣ የ3 ሰከንድ ክፍተት፣ ማለትም 30 ሜትር፣ ይበቃዋል። በየ3 ሰከንዱ አንድ ካቢን፣ በካቢኑ አንድ ሰው ብንል በሰዓት 1,200 ሰው ይሆናል። በየ3 ደቂቃው የሚመጣ፣ 60 ሰው የጫነ አንድ አውቶቡስም የሚያደርሰው ያንኑ 1,200 ሰው ነው። ልዩነቱ የሞኖሬሉ ተሳፋሪ አለመጠበቁ፣ በመሐልም አለመቆሙ ነው። ጣቢያው ላይ ደግሞ ሌላ ሂሳብ አለ። አንድ ሰው ለመውጣትና ለመነሣት 20 ሰከንድ ቢወስድ፣ በሰዓት 1,200 ሰው ከአንድ ጣቢያ ለማስነሣት ሰባት የመሳፈሪያ ቦታ ጎን ለጎን ያስፈልጋል። ሰባቱም ከዋናው ሐዲድ ተገንጥለው፣ ሰባቱም ተመልሰው የሚቀላቀሉ።

ፍርዴ ይህ ነው። ብዙ ሕዝብ በአንድ አቅጣጫ በሚጎርፍበት ትልቅ ጎዳና ላይ ትንሹ ሞኖሬል ባቡርን አይተካም። በዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በሆስፒታል ቅጥር፣ በአንድ ፋብሪካና በሠራተኞቹ መንደር መሐል ግን ከአውቶቡስ ይሻላል፤ ስሚዝቪልም ሞርጋንታውንም በየራሳቸው መንገድ አሳይተውታል። ወደ ከተማችሁ እንዲህ ያለ ንድፍ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ፣ የካቢኑን ሥዕል ከማየታችሁ በፊት የመገንጠያውንና የጣቢያውን ሥዕል እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።